ማርቆስ በሬው ፊት ተንበረከከ

ልጁ ባለቀሰች ቁጥር «ሱሪዬ ይቆሽሻል» ሳይል መሬት ላይ የሚንበረከክ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አለኝ። ሶዶ ውስጥ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ፣ መምህር ማርቆስ ነው። እኛ ሰፈር የልጅ ለቅሶ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ «ዝም በይ!» ይባላል፣ ያልቃል። ማርቆስ ግን ተንበርክኮ ዓይን ዓይኗን እያየ «ምን ተሰማሽ?» ይላል። እንደሱ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ያለቀ ሱሪ ጸሎት ቤት ውስጥ እንኳ አይታይም።

ዘንድሮ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ጎረቤት ተሰባስበን የገዛነው በሬ ማርቆስ ጓሮ ሰነበተ። የአምስት ዓመቷ ልጁ ምሕረት የስኳር ድንች ሐረግ ስታበላው ቆይታ፣ የዕርዱ ቀን ከፊቱ ቆማ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ቢላው ተስሏል፣ የሥጋው ማባያ ዳጣ ተፈጭቷል፣ እኛ ምራቃችንን እንውጣለን። ማርቆስ ተንበረከከ!

«አዘንሽ አይደል?»

«አዎ። አትረዱት!»

«ይታረዳል የኔ ልጅ፤ አልዋሽሽም። ማዘን ግን ትችያለሽ። እስክትጨርሺ እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን? ማን ጠየቀን? አራጃችን ጋሽ ዳና፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ፣ ቢላቸውን እንደያዙ «እኛ ራበን እኮ!» ብለው ጮኹ።

ምሕረት እንባዋን ጠርጋ ወደሳቸው ሄደች። እሷ መንበርከክ አላስፈለጋትም።

«ተናደዱ አይደል አባባ?» አለቻቸው ቀና ብላ። «ከፈለጉ ያልቅሱ፤ እንጠብቅዎታለን።»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ዳና ግን አልሳቁም። ቢላውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣

«እስቲ በርጩማ አምጡልኝ» አሉ። «ከተወለድኩ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።»