የገደል ሥር ክለብ ዳኛ ያገኘ ዕለት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ፣ ዛሬ ላሟን ተዉአት፣ ሣሯን ትጋጥበት። የዛሬው የኳስ ነገር ነው።

ድሮ ነው። ዝሆን አፍንጫው ሳይረዝም፣ ዔሊም ቤቷን ሠርታ ሳትጨርስ፣ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ጫፍ፣ ከገደሉ ሥር፣ ጣሪያ የሌለው አራት ግድግዳ ነበር። እንስሳቱ እዚያ ውስጥ ስኳሽ ይጫወታሉ። ስኳሽ ምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ ቀላል ነው። ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ የፍየል በጠጥ የምታህል ጥቁር ኳስ እየተፈራረቁ በራኬት ከግድግዳ ጋር ያጋጫሉ። ተመልሳ ስትመጣ መሬት ሁለቴ ሳትነካ መምታት ነው፤ ያልቻለ ነጥብ ይጥላል፤ አሥራ አንድ ነጥብ የቀደመ ይረታል። ግድግዳው ምን በደለ ብሎ የጠየቀ እስከ ዛሬ የለም።

የክለቡ ሊቀ መንበር አያ ዝንጀሮ ነበር። ራኬት በእጁ ይዞ አያውቅም፤ ግን ከጫካው ሁሉ መቀመጫው የሱ ቀልቶ ስለታየ፣ ወንበር የሚገባው ለዚህ ነው ብለው መረጡት።

ጨዋታውን በእውነት የምታውቅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሰስ። ሰስ ማለት ያቺ የድኩላ ዘመድ፣ በሰኮናዋ ጫፍ ቆማ ከድንጋይ ድንጋይ የምትዘል፣ ሚጢጢዋ። ሦስት ክረምት ሙሉ ከገደሉ ላይ ቁልቁል እያየች ተምራ፣ ብቻዋን ከቋጥኝ ጋር ስትጫወት ጥላዋ እንኳ አይደርስባትም ነበር። ወደ ግድግዳው ግን አያስጠጓትም። «አንቺ የገደል ነሽ፣ ክለቡ የጫካ ነው» ይሏታል። ገደሉ ጫካውን ተደግፎ ይቁም ጫካው ገደሉን፣ እስካሁን ያልተፈታ ነገር ነው።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ሽመላ ጥሪ ይዛ መጣች። የዓለም ክለቦች በቡድን ሊገጥሙ ነው፤ ከየክለቡ ሦስት ተጫዋች ይምጣ፤ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫ ይበላል።

አያ ጅቦ ከጥግ ተነሣ። «ምን ይበላል ነው ያልሽው?»

«ዋንጫ።»

«እንግዲያው አንደኛው ተጫዋች እኔ ነኝ» አለ። ማን ይከለክለዋል!

ሁለተኛዋ እመት ጦጢት ሆነች። እመት ጦጢት በሙግት የታወቀች ናት፤ ነፋስን እንኳ «ፍሬዬን አራገፈብኝ» ብላ ከሳ ሦስት ዓመት አመላልሳዋለች። ነፋስ እስከ ዛሬ ሲያቃስት የምትሰሙት ለዚህ ነው። ሦስተኛውን ሲፈልጉ ራሷ ጦጢት፣ «መቼም አንድ እንኳ መጫወት የሚችል ይኑረን እንጂ፤ ሰው ምን ይለናል?» አለች። ሰስን ጠሯት።

ሰስ ከቋጥኟ ሳትወርድ፣ «እሄዳለሁ፤ ግን አባል አድርጉኝ። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ፊት ልቁም» አለች።

አያ ዝንጀሮ ደረቱን ነፋ። «ዋንጫውን ይዘሽ ነይ፣ ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ያንቺ ነው። ባዶ እጅሽን ከመጣሽ ግን ከገደልሽ ዳግም እንዳትወርጂ።»

«እሺ» አለች ሰስ። ሌላ ምን ትበል?

ሊቀ መንበሩም አብሯቸው፣ በሽመላ ጀርባ ባሕር ተሻገሩ። አያ ጅቦን ሰባት ሽመላ ተሸክሞት ሰባቱም ወገባቸው ጎበጠ። እዚያ ሲደርሱ ዕድላቸው ቀና። የዓሦቹ ክለብ ከውሃ መውጣት አቅቶት ቀረ፤ የጉጉቶቹ ክለብ ጨዋታው በቀን ነው ቢሉት እንቅልፍ ጣለው፤ የቀንድ አውጣዎቹ ክለብ አሁንም መንገድ ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲል የእኛዎቹ አንዲት ኳስ ሳይመቱ ለዋንጫ ደረሱ። የሚገጥሟቸው ካንጋሮ የሚባሉ፣ በሁለት እግር የሚነጥሩ፣ ልጃቸውን በሆድ ኪሳቸው የሚይዙ ፍጥረቶች ነበሩ።

ሜዳው መስታወት ነው። ከበላዩ በከፍተኛ ወንበር ላይ ነጭ ሸሚዝ በጥቁር ካባ የለበሰ አንድ ፔንግዊን ተቀምጧል። እመት ጦጢት ስታየው ዓይኗ ቦግ አለ።

«አያ ዝንጀሮ፣ ያ ባለ ካባ ማነው?»

«ዳኛው ነው አሉ።»

«ዳኛ!» አለች፣ ምራቋን ዋጥ አድርጋ። «እኔ ኮ ጨዋታ መስሎኝ ነው የመጣሁት። ዳኛ ካለማ ሙግት ነው!»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ዝንጀሮ። «ሁለት ይቀርባሉ፣ አንዱ ይረታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይኸዋ! ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር!»

ሰስ ደነገጠች። «እመት ጦጢት፣ ይሄኛው ዳኛ ነጥብ ብቻ ነው የሚቆጥረው።»

«ዝም በይ አንቺ፤ ዳኛ ዳኛ ነው።»

መጀመሪያ አያ ጅቦ ገባ። ኳሷ ስትመጣለት ራኬቱን ጣለና አፉን ከፈተ። ዋጥ!

«ኳሷስ?» አለ ፔንግዊኑ፤ ሽመላዋ ታስተረጉማለች።

«ሆዴ ውስጥ ናት፣ ጌታዬ» አለ ጅቦ። «ግን ነጥቡ የኔ ነው። ኳስ የምትሞተው መሬት ሁለቴ ስትነካ አይደል? የኔዋ አንዴም አልነካችም። አሁንም ስትነጥር ይሰማኛል።»

ዳኛው ለካንጋሮው ፈረደ፤ ሌላ ኳስ አስመጣ። እሷም ዋጥ! አሥራ አንድ ኳስ ውጦ አሥራ አንድ ለባዶ ተሸነፈ። ሲወጣ ጦጢት ጀርባውን መታ አደረገችለት። «አይዞህ፣ አሥራ አንድ ምስክር በሆድህ ይዘህ ወጥተሃል።»

ቀጥሎ እሷ ገባች። የገጠመቻት እናት ካንጋሮ ነበረች። ኳሷ በዚህ ስትሄድ ጦጢት በዚያ፤ ዘጠኝ ነጥብ እንዲሁ ነጎደ። በዘጠነኛው ግን ከካንጋሮዋ ኪስ አንዲት ትንሽ ራስ ብቅ ስትል አየች። ራኬቷን አስቀመጠች፤ ከዳኛው ፊት ሄዳ ጅራቷን እንደ ዘንግ ተመርኩዛ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይፍረዱኝ! ደንቡ ሁለት ይገጥማሉ ነው የሚለው። እኔ ስቆጥር ግን ሦስት ነን።»

ካንጋሮዋ ተቆጣች። «ልጄን የት ላስቀምጣት ነው? ደግሞስ መቼ ራኬት ያዘች?»

«ራኬት ባትይዝ ዓይን አላት» አለች ጦጢት። «ኳስ ከየት እንደሚመጣ ለእናቷ ሹክ ትላለች። አንዷን ብቻዬን ለሁለት አስደበደቡኝ፣ ጌታዬ! በፈጠረዎት!»

ፔንግዊኑ በክንፉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ ስለ ኪስ የሚል ቃል አላገኘም። ላቡ መጣ። እሷ ሳታቋርጥ ትናገራለች፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ እንድትገላግለው ብሎ ፈረደላት።

አንድ ለአንድ ሆኑ።

አያ ዝንጀሮ ሁለት ክንድ ወደ ላይ ዘለለ። «ኳስ መምታት ለካ ከንቱ ድካም ኖሯል! አፍ እያለ ክንድ ምን ይሠራል?»

የቀረችው ሰስ ናት። ወደ መስታወቱ ገብታ ወጠምሻ ካንጋሮ ፊት ስትቆም ለጉልበቱ እንኳ አልደረሰችም። ግን ኳሷ እንደተነሣች ሁሉም አፉን ያዘ። ሰስ ካንጋሮው ሳይጀምር ጨርሳ፣ ሳይነሣ ደርሳ ትገኛለች። በግድግዳ ላይ ሮጠች ብላችሁስ? ሮጠች! ኳሷ ራሷ «ኧረ ቀስ በይ፣ ዞረብኝ» ስትል ሽመላዋ አስተርጉማለች። ካንጋሮውም የዋዛ አልነበረም፤ እየነጠረ እየነጠረ ተከተላት። ሰስ አሥር፣ እሱ ዘጠኝ ደረሱ። አንዲት ነጥብ ቀረች። ያቺ አንዲት ነጥብ ግድግዳዋ ናት፣ ጠዋቷ ናት፣ ስሟ ናት።

ካንጋሮው ኳሷን ላላ አድርጎ መታት። ኳሷ ከግድግዳው ተመልሳ ዘንበል ብላ ወደ ሰስ መጣች፤ ዓይኑ የጠፋ እንኳ አይስታትም። ሰስ ራኬቷን አነሣች።

ይኼኔ ከተመልካቹ መካከል እመት ጦጢት የካንጋሮው ጅራት መንገድ ላይ ተጋድሞ አየች። አላስቻላትም።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል በዚያ ጫካ ቀልድ አልነበረም። የተባለ እንደሆነ ሌባ ከነሸክሙ፣ ተደባዳቢ ከነቡጢው ባለበት ቀጥ ማለት ነበረበት። ነበረበት ነው ያልኩት፤ ሁሉም ሲጠራው ውሎ ስለሚያድር የሚቆምለት ጠፍቶ ነበር። ሰስ ግን እናቷ በገደል ላይ ያሳደገቻት ናት፤ የሕግ ስም ተጠርቶባት የተራመደች ሰስ ሽፍታ ናት ብላታለች። አንድ እግሯን እንዳነሣች ደርቃ ቀረች። ካንጋሮው አማርኛ የት ያውቃል? እየነጠረ ቀጠለ። ኳሷ መሬት ነካች፤ ደግማ ነካች።

አሥር ለአሥር።

ጦጢት የጅራቱን ነገር ልታስረዳ ወጣች። ፔንግዊኑ ግን ክንፉን አነሣ። «መጠየቅ የሚችለው የሚጫወተው ነው፤ ተመልካች አይጠይቅም» አላት።

ሰስ በመስታወቱ ላይ ተለጥፋ ለመነቻቸው። «በእናታችሁ፣ ዝም በሉልኝ! አንዲት ነጥብ ናት የቀረችው። ለእኔ ስትሉ አፋችሁን ያዙ!»

«እንይዛለን» አለች ጦጢት።

«በጅማት እንሰፋዋለን» አለ ጅቦ፤ ኳሶቹም በሆዱ ውስጥ «ጡብ ጡብ» ብለው መሰከሩለት።

የአያ ዝንጀሮ ፊት ግን ከመቀመጫው በላይ ቀልቶ ነበር። ሊቀ መንበር ባለበት ቡድን ላይ እንዲህ ይፈረዳል? እያለ ይብሰለሰል ነበር።

የመጨረሻዋ ኳስ ተነሣች። እሷ ስትመታ እሱ ሲመልስ፣ እሱ ሲመታ እሷ ስትመልስ፣ መቶ ጊዜ ተመላለሰች፤ ያላመነ ሄዶ ግድግዳውን ይጠይቅ። በመቶ አንደኛው ካንጋሮው አዳልጦት በጀርባው ተዘረረ። ኳሷ ከሰስ ፊት አየር ላይ ተንጠለጠለች። መንካት ብቻ ነው የቀረው፤ እፍ ብትላት እንኳ ትበቃታለች።

«ይግባኝ!» ብሎ ብድግ አለ አያ ዝንጀሮ። «የቀድሞው ፍርድ ተጓድሏል! ጨዋታው ይታገድልኝ! በሕግ አምላክ!»

የሰስ ልብ «ምቺ» አላት። እግሯ አልሰማትም። ኳሷ ቀስ ብላ ወረደች፤ ጠብ አለች፤ ደግማ ጠብ አለች።

ካንጋሮዎቹ ዋንጫውን ይዘው ሄዱ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ የገደል ሥር እንስሳት ሁሉ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። አያ ዝንጀሮ ከጉቶ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወገኖቼ፣ ጨዋታውን ትተንላቸው መጥተናል። ሙግቱን ግን አልለቀቅንም! ይግባኛችን ለመጪው ሰኔ ተቀጥሯል!»

ጫካው በእልልታ ተናወጠ። እመት ጦጢትን በትከሻ ተሸክመው ዞሩ። አያ ጅቦም «ዋንጫው ሳይበላ ቢቀር ኳሱ ተበልቷል» ተብሎ ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲበርድ ዝንጀሮ ወደ ሰስ ዞረ።

«አንቺስ? ኳሷ አፍንጫሽ ላይ መጥታ ለምን ቆምሽ?»

«በሕግ አምላክ አላችሁኛ።»

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። «ወይ ገደል ያበቀላት!» አለች ጦጢት እንባዋን እየጠረገች። «እሱ ኮ ለእነሱ ነው እንጂ! አንቺን ቁሚ ማን አለሽ?»

«አንድ ለአንድ አድርሰንልሽ አንቺ አስበላሽን» አለ ዝንጀሮ። «በቃልሽ መሠረት፣ ወደ ግድግዳው ዳግም እንዳትመጪ።»

ሰስ ራኬቷን መሬት ላይ አኖረችና ዳገቱን ጀመረች። አለመከራከሯ ሸንጎውን አናደደው። ሳይሟገቱ መሄድ እዚያ ጫካ እንደ ስድብ ነው።

«ጥፋትሽን ሳታምኚ የት? በሕግ አምላክ ቁሚ!» አለ ዝንጀሮ።

«በሕግ አምላክ!» አለች ጦጢት። «በሕግ አምላክ!» አለ ጫካው በሙሉ።

ሰስ አልቆመችም። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ከገደሉ አናት ስትደርስ ብቻ ዞር አለች።

«እዚህ ጫካ የሕግን ስም የሚጠራ መቶ ነው፤ ሲጠራ የሚቆም ግን እኔ አንዷ ነበርኩ» አለቻቸው። «እኔንም ዛሬ አስተማራችሁኝ።»