ለሥልጠና የቀረበ እግር

[ነቀምቴ፣ የአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል። ኦቦ ጆቴ በፋሻ የተጠቀለለ እግራቸውን ዘርግተው ተኝተዋል። ነርሶችን ስለ ቁስል አያያዝ ሊያሠለጥን ከአዲስ አበባ የመጣው ሠርፀ ከክፍሉ ነርስ ከፌኔት ጋር ይከራከራል።]

ሠርፀ፦ ሲስተር፣ የሥልጠናው ባነር ሳይሰቀል ቁስል አይታይም አልኩሽ እኮ።

ፌኔት፦ ቁስሉ ማንበብ ይችላል እንዴ፣ መምህር?

ሠርፀ፦ ፎቶው ላይ መታየት አለበት። ግሉኮስ ማንጠልጠያው ላይ እሰሪው።

ፌኔት፦ ግሉኮሱስ?

ሠርፀ፦ ለጊዜው ያዢው።

[ፌኔት ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ትቆማለች።]

ፌኔት፦ አንድ ነገር ልለምንዎት። ኦቦ ጆቴ ቅዳሜ አገራቸው ኡኬ ላይ ልጃቸውን ይድራሉ። ቁስሉ እስከዚያ ካልተነካካ ይወጣሉ ብሏል ዶክተሩ። ያለፈው አሠልጣኝ ከፍተው ሲያስረዱ አመረቀዘ። ከዚያ በፊት የመጡትም እንደዚሁ።

ሠርፀ፦ እነሱ ምን ያውቃሉ? እኔ እኮ ሰርተፊኬት የምሰቅልበት ግድግዳ አልቆብኛል።

ፌኔት፦ እርስዎ አይከፍቱትም ማለት ነው?

ሠርፀ፦ ለፎቶ ብቻ። ምርመራውንማ ከላይ ሆኜ እጨርሰዋለሁ። የሠለጠነ ዓይን ፋሻ አያግደውም። ስፋቱ የመዳፍ ያህል። ጥልቀቱ መካከለኛ። ጠርዙ ቀይ።

ፌኔት፦ ይሄ ሁሉ በፋሻው ላይ ይታያል?

ሠርፀ፦ ሽታው... [ጎንበስ ብሎ ያሸታል] አለው። ኢንፌክሽን ነው።

ፌኔት፦ አንጮቴ በቅቤ ነው። አሁን ነው በልተው የጨረሱት።

ሠርፀ፦ አንጮቴና ኢንፌክሽን መለየት የሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ላይ ይመጣል።

ፌኔት፦ ራሳቸውን ብንጠይቅስ?

ሠርፀ፦ እሱ መጨረሻ ላይ ነው። [ፋሻውን ይጫናል] ያማል፣ አባባ?

ጆቴ፦ [ፌኔትን አየት አድርገው] ዋዮ... ዋዮ።

ሠርፀ፦ ሰማሽ? እንዲህ የሚያቃስት ሰው ሠርግ ቤት ይሄዳል? ሌላ ሁለት ሳምንት ይቆዩ ብዬ ለዶክተሩ እነግረዋለሁ።

ፌኔት፦ [ደንግጣ] ኧረ እንደዚያማ አይበሉ። እንግዲያው ይክፈቱት።

ሠርፀ፦ አሁን ገባሽ። ሠልጣኝ የሚለወጠው እንዲህ ነው።

[ፋሻውን ይፈታል። ከሥሩ ጭረት እንኳ የሌለበት ቅልጥም ይወጣል።]

ሠርፀ፦ ድኗል።

ፌኔት፦ መቼ?

ሠርፀ፦ ሥልጠናው ውጤታማ ነው ማለት ነዋ። ሪፖርቱ ላይ...

ፌኔት፦ መምህር፣ ቁስሉ ግራ እግራቸው ላይ ነው፣ ጋቢው ሥር። ይሄኛውን ራሳቸው ናቸው ያስጠቀለሉኝ። አሠልጣኝ ይመጣል ሲባል፣ «ለእነሱ ይችን እንስጣቸውና ያችን ይተዉልኝ» አሉኝ።

ሠርፀ፦ ታዲያ ምን ሆነው ነው ያቃሰቱት?

[ጆቴ በኦሮምኛ ረጋ ብለው ይናገራሉ።]

ሠርፀ፦ ምን አሉ?

ፌኔት፦ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ያማል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አያምም ብዬ እንዴት አሳፍረዋለሁ፣ አሉ።

[ጆቴ እግራቸውን ወደ ሠርፀ ጠጋ እያደረጉ ሌላም ይጨምራሉ።]

ሠርፀ፦ ደግሞ ምን አሉ?

ፌኔት፦ እንደነበረ አድርገው ይጠቅልሉልኝ ነው የሚሉት። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት አሠልጣኝ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ።