የባለ ጎማው ቤት ታኮ

ወሎ ውስጥ ብዙ ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ ድንጋይ ግን አይጠፋም። መካነ ሰላም ላይማ ማረሻ የሚሰብረውም እሱ፣ ጫማ የሚጨርሰውም እሱ ነው። በዚያ በክፉው ድርቅ እንኳ ምርቱ አልቀነሰም። ታዲያ እኔ እዚያ አገር ድንጋይ ተሰረቅሁ ብል ማን ያምነኛል?

ረሃቡ ጠንቶ፣ አብዮቱም ፈንድቶ ቀበሌ የተቋቋመ ሰሞን ነው። እኔ የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የእርዳታ መኪና የሕፃናት የዱቄት ወተት የሞላው ባለ ጎማ ቤት ጎትቶ አመጣና ዳገቱ ላይ፣ ከእግር መንገዱ ዳር አቆመው። ፍሬኑ በደንብ አይይዝም። ሾፌሩ ከጎማዎቹ ስር አራት ድንጋይ ወሸቀና፣ ይህ ታኮ ከተነሳ ቤቱን ገደል ገብተህ ፈልገው ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን በአደራ ጠብቄ የማውቀው ማኅተም ብቻ ነው።

ሸህ እንድሪስን ቤቱን ይጠብቁልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቁርአን ያስቀሩ፣ ድርቁ ደረሶቻቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን ማለቴ ነው፣ የበተነባቸው ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ብመጣ ከአራቱ ድንጋዮች ሁለቱ የሉም። ማን መጣ ብላቸው፣ «ወላሂ ማንም አልመጣ» አሉኝ። ሸህ እንድሪስ አይዋሹም። ሌላ ድንጋይ ተካሁ፤ በማግስቱም የለም። ግራ ገባኝ። ሰው ርቦታል፤ ግን ድንጋይ ይበላል እንዴ? ለቀበሌያችን ሊቀመንበር ብነግረው የአድኃሪ እጅ አለበት አለና ስብሰባ ጠራ። እጁን ያየው ሰው ሳይኖር ግማሽ ቀን ስናወግዘው ዋልን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እኔም ሰፈሩን በሙሉ፣ የጤና ጣቢያውን በቅሎ ጭምር ጠረጠርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድም ድንጋይ አልነበረም። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከታች ሲወጡ፣ ቤቱ ሲጢጥ አለና ቁልቁል ጀመረ። ሮጬ ከታች በጀርባዬ ደገፍኩት። ፈራሁ፤ ቢያመልጠኝ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ሸህ እንድሪስ ጋቢያቸውን ጥለው ከጎኔ ገፉ። አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች ድንጋይ አንከባላ ከጎማው ስር ከተተችልን። ቆመ።

ትንፋሼ ሲመለስ ጥያቄውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ጠየቅሁ፤ ድንጋዩን የሚያነሳው ማን ነው? እኔ ነኛ አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ምንም ሳይደነግጡ። እንቅፋት ከመንገድ ማንሳት እንደ ምጽዋት የሚቆጠር ሰደቃ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግደው ሲነሱ እያነሱ ወዲያ ይጥሉታል። ወተት ሊቀበሉ የሚመጡት አቅም የላቸው፤ አንዷ ብትደናቀፍስ?

ቤቱ እንዳይሄድ ብለን ያስገባነው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ደንግጠው ራሳቸውን ያዙ፤ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝም አሉኝ። ከዚያ ጎማውን አዩ፣ ገና ዳገቱን የሚወጡትን እናቶች አዩ፣ ዞረውም እኔን አዩኝ።

«አይ ልጄ» አሉኝ፤ «እነዚህ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የሚመጡት። እናንተ ጎማ ያለውን በድንጋይ አቁማችሁ፣ ጉልበት የሌለውን ታስኬዳላችሁ?»