በእትዬ አመለወርቅ ሰሐን ላይ

ሐበሻ በሰፈረበት ሁሉ ሳይጠሩት ሐኪም የሚሆን ሰው አይጠፋም። በስደት በምንኖርባት በካቶር ሰፈር ይህ ሹመት የክብርት እትዬ አመለወርቅ ነው፤ የሰውነታችን ሴሎች ጠበቃ፣ የጥብስ ባላንጣ።

እሳቸው ሰላምታ አያውቁም። ጠዋት በግቢው በር ብቅ ይሉና ፊትህን ያጠናሉ። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ደረትህ ዘንበል አድርገው፣ «ሴሎችህ ይጮኻሉ። እኔ እሰማቸዋለሁ» ይላሉ። ወዲያው የከርከዴ አበባ ሻይ ይቀዳል፤ እንደ ደም የቀላ።

ሾፌሩ ግዛው ድምፃቸውን ከሰማ መኪናው ሥር ይገባል።

«ኧረ ማዘር፣ ከለስ፣ በቃኝ! ትናንት ጎመን በልቻለሁ!»

«ውሸትህን ነው። ጉበትህ ነግሮኛል።»

ያስቅ ነበር። ግን ከርከዴያቸውን እንቢ ያለች አንዲት ጎረቤት ሳትቆይ አልጋ ያዘች። ከዚያ ወዲህ መቀበሉም እንቢ ማለቱም እኩል ያስፈራል።

ልብስ ሰፊዋ ናዝራዊት ግን «በኢየሱስ ስም!» ብላ በሯን ጠረቀመችባቸው።

«ዝጊው፣ የኔ ልጅ» አሏት ከውጭ፣ ረጋ ብለው። «እኔ ጋ አለሽ።»

ይህች ቃል ቀኑን ሙሉ አብራት ሰፋች። ናዝራዊት በመርፌው ቀዳዳ ክር ማስገባት አቃታት፤ መስታወት ባየች ቁጥር መልኳ የደበዘዘ መሰላት። ሲመሽ፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ግቢው ጭር ሲል፣ ልትጠይቃቸው ሄደች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ በሻማ ብርሃን ትንንሽ ሰሐኖች ተደርድረዋል፤ በየሰሐኑ አንድ ቁራጭ አቮካዶ፣ ከሥሩ ስም የተጻፈበት ወረቀት። ግዛው ጠቁሯል። ባለሱቋ ኑርያ ለምለም ናት። ናዝራዊት ዳር ዳሯን መጥቆር ጀምራለች።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። «እትዬ... ድግምት ነው?»

«ምን ድግምት አለው፣ አየር ነው እንጂ» አሉ ከጨለማው ውስጥ። «አየር ያገኘው ይጠቁራል። ሰውም ውስጥ ውስጡን እንዲሁ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ቀስ እያለ። ኑርያ ከርከዴዬን ስለምትጠጣ ሎሚ ቀባኋት። ጎመኑም ፍራፍሬውም ለሴል እንደዚህ ሎሚ ሳይሆን አይቀርም። ይረዳል ነው ያሉት፣ ያድናል አላሉም። እናንተ እንቢ ስትሉኝ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ አያችኋለሁ።»

ጥጉ ላይ ስም የሌለው ሰሐን ነበር፤ ቁራጩ እንደ ከሰል ጠቁሮ ተጨማድዷል።

«ይሄስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የእርስዎስ ሎሚ?»

«ለብቻ ሰው ማን ሎሚ ይጨምቃል? ሻይ በዳቦ ይበቃኛል።»

ናዝራዊት ፍርሃቷ ገና አልለቀቃትም፤ ቢሆንም ከጠረጴዛው ላይ ቢላዋ አነሳች። አዲስ አቮካዶ ቆረጠች። ቁራጩን በጠቆረው ቦታ አስቀምጣ ሎሚ ጨመቀችበት፤ የቀረውን ከማንኪያ ጋር እትዬ እጅ ላይ አኖረች።

«ነገ ጠዋት መጥቼ አያለሁ።»

«አቮካዶውን?»

«እርስዎን።»