እግር የሌለው ዳማ

ቀረብ በሉ እስቲ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ሳልህን ጨርስና ዝም በል፤ እኔ ሳወራ የሚያስል ሰው አልወድም። ብቻውን የሚኖር ሰው ወሬው ይጠራቀምበትና አንድ ቀን የተገኘ ሰው ላይ ይፈሳል። ዛሬ የተገኛችሁት እናንተ ናችሁ፣ ቻሉት።

በደርግ ጊዜ፣ እንጅባራ ካለው ቤቴ አንዷን ክፍል መምህርት አልማዝ ተከራይታኝ ነበር። ሥዕል ነው የምታስተምር። የራሷ ሥዕል ግን ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ቀለም ብቻ። «ረቂቅ ሥዕል ነው ጋሼ» አለችኝ። በግድግዳ መቀቢያ ብሩሽ ከሸራ ጋር ስትታገል ትውላለች፤ እኔም «ግድግዳው መቼ ያልቃል?» እላታለሁ።

ውጭ አገር እንዲህ የሚስሉ ሞልተዋል አለች። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ጃፓኑ፣ አገሩን ጥሎ የተሰደደው፣ ሴቶችም ጭምር። አንዱ ቀለሙን መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ያንጠባጥባል፣ አንዷ እንደ ውሃ አቅጥና ታፈሳለች፤ የአንዱ ካንዱ አይገጥምም።

«ታዲያ በምን ተስማሙ?» ብላት፣

«ሁሉም ብቻቸውን ነው የሚስሉት» አለች።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሳቅኩባት። ሳቄ ሲያልቅ ቤቱ ጭር አለ።

ለአብዮት በዓል መምህራን ሥራቸውን ቀበሌው አዳራሽ ይስቀሉ ተባለ። ከትራክተሩና ከተጨበጠው እጅ ሥዕሎች መሀል የሷ ሸራ ተሰቀለ፤ ዙሪያው ግራጫ፣ መሀሉ አንድ ቀላ ያለ ጠብታ። የቀበሌው ሊቀመንበር አየና፣

«ከሕዝቡ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ካልተገኘ ይውረድ» አለ።

አልማዝ የሻሿን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ከወረደባት ዝውውር ጠይቃ እንደምትሄድ ጠዋት ነግራኛለች። ክፍሏ ባዶ ሊሆን ነው።

እኛ አዊዎች መቼም ፈረስ ከሩቅ በቀለሙ እንለያለን፤ እግሩ የሚታየው ኋላ ነው። ያን ጠብታ ሳየው፣ ልጄ ከጥርባ በኩል በቀዩ ዳማ ፈረሱ ላይ ሆኖ ጭጋጉን ሰንጥቆ ሲመጣ ታየኝ። ያኔ ወደ ግንባር ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ደብዳቤውም ቆሟል።

«ፈረስ ነው» አልኩ። «ዳማ።»

«እግሩስ የታለ፣ አያ ዘለቀ?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈረሰኛ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታይህ ኮቴው ነው?»

ሕዝቡ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ማን ነው ደግሞ የሚመጣው? ልጅህ እንደሆን ግንባር ነው፤ አይመጣም።»

«ስለማይመጣማ ነው ሥዕሉ ይቆይ የምልህ።»