የወይዘሮ ጃርት የመስክ ድግስና መሪ ቃሉ

ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ ያመለጣችሁም ከሰሙት ጠይቁ። አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት፣ ይሉኝታንም ከሰው ቀድመው በተማሩበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ የዝግባ ደን ውስጥ ወይዘሮ ጃርት የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። እናቷ ቆፍራ ያወረሰቻት ጉድጓድ ነበረቻት። ሥራሥሯን እየቆፈረች፣ በማንም ላይ ሳትደርስ፣ ማንም ሳይደርስባት ትኖር ነበር።

አንድ ክረምት ግን ከጀርባዋ ረግፎ የወደቀ እሾህ የሚዳቋን ግልገል እግሩን ወጋው። ግልገሉ ሦስት ቀን አነከሰ፤ ደኑ ግን ሦስት ወር አወራ። ነገሩ እያደር ከፋና ሸንጎ ተቀመጠ። የሸንጎው አለቃ ግራዝማች ጎሽ ነበር፤ እርሱም የጥንቱን ሕግ አስነበበ። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ሳያውቅ እንኳ ደም ያፈሰሰ በመስክ ላይ ድግስ ይደግስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደኑ አራዊት አንድ እንኳ ከእጁ የቀመሰለት ቢገኝ ታርቋል። አንድም ካልተገኘ ግን ጉድጓዱን ትቶ ወንዙን ይሻገር።

ከወንዙ ማዶ ያለው አገር ጭንጫ ነው። ጃርት በእርጅናዋ ጥፍሯ ድንጋይ እንደማይምስ ታውቃለች። ቢሆንም ፍርዱን ስትሰማ እፎይ አለች፤ የቀረበ ምግብ ትቶ የሄደ ጎረቤት በዕድሜዋ አይታ አታውቅምና።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ከዝግባው ጫፍ አለቃ ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠረገ። አለቃ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ከዛፍ ሳይወርድ የሚኖር፣ ንባብ የተረፈው፣ ትርጓሜ የጎደለው ሊቅ ነበር። ከተራራው ወዲያ ባለው ደን ማንም ድግስ ያለ መሪ ቃል እንደማይደግስ አስታወሰና፣ «መሪ ቃል የሌለው ድግስ ግጦሽ ይባላል እንጂ ድግስ አይባልም» አለ። ግጦሽ ተብሎ መጠራት ሁሉንም አሳፈረ፤ ግጦሽ የሚውሉትን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ አሳፈረ። ስለዚህ መሪ ቃል ለመምረጥ ሦስት ቀን ተሰበሰቡ።

ግራዝማች ጎሽ «ጀግንነት» ይሁን፣ ሁሉም ቀንድ ተክሎ ይምጣ አለ። ነብር በበኩሉ እንግዳው ሁሉ ነጠብጣብ ቢቀባ ሜዳው እንደሚያምር አስረዳ። የሌሊት ወፍ ሁላችሁም ተዘቅዝቃችሁ ኑ አለች። ዔሊ «ዝግታ»ን አቀረበች፤ ግን እንግዶቹ ለከርሞ እንዳይደርሱ ተብሎ ውድቅ ሆነ። ወይዘሮ ጃርት ሥራሥሩ እንዳይደርቅባት እየሰጋች ሁለት ቀን በዝምታ ሰማች። በሦስተኛው ቀን፣ ደጋሿ እርሷ ናትና፣ እስቲ ምን ታስቢያለሽ ብለው ጠየቋት።

«እኔ ብዙ ቃል አላውቅም፤ ‘መብላት’ ቢሆንስ?» አለች።

ሸንጎው ሳቀ። ነብርማ እንባውን እስኪጠርግ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ አለቃ ጉሬዛ ዐይኖቹን ጨፍኖ፣ «ዘአትሐተ ርእሶ ይከብር፤ ራሱን ዝቅ ያደረገ ይከብራል ይላል መጽሐፍ። መሪ ቃላችን ‘ትሕትና’ ይሁን» አለ። ከቃሉም ብዙዎቹ የያዙት «ይከብራል» የሚለውን ብቻ ነበር። ትሕትናን የሚቃወም ትዕቢተኛ እንዳይባል ፈርቶ ማንም አልተቃወመም። ጉሬዛ ጨምሮም፣ ከእንግዶቹ ሁሉ እጅግ ትሑት ሆኖ ለተገኘው ከአደይ አበባ የተጎነጎነ አክሊል እንደሚደፋለት፣ ዳኛውም ራሱ እንደሚሆን አወጀ። ውዳሴ ከንቱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በደኑ ውስጥ ያለ ከልካይ ገባ።

የድግሱ ቀን ደረሰ። ጃርት የበሰለ ሾላ፣ ዶቅማና ቀጋ፣ ማር የተቀባ ሥራሥር በኮባ ቅጠል ላይ አሰናድታ ከሜዳው ዳር ቆመች። እንግዶቹ በየትሕትናቸው አጊጠው መጡ። ነብር ነጠብጣቡን በጭቃ ለቅልቆ ነበር፤ ጭቃውን ግን ከሦስት ወንዝ አማርጦ ነው። ጎሽ ቀንዱ እንዳይታይ ሣር ጠመጠመበት፤ ሣሩም ቀንዱን በክንድ አረዘመው። ዔሊ አንገቷን ወደ ልብሷ ሰብስባ መጣች፤ ትሕትናዋን ሳያይ የሚያልፍ እንዳይኖር ግን መንገዱ መካከል ተቀመጠች።

ከሜዳው ከፍ ያለው ጉብታ ለክብር እንግዳ ተጎዝጉዞ ነበር፤ የተቀመጠበት ግን አልተገኘም። ሁሉም ከጉብታው ሥር ወዳለችው ጠባብ ቦይ ወረደ። ቦይዋ ሞላች። በኋላ የመጡት ቦታ ቢያጡ፣ ዝቅ ያለውን ስፍራ ቀድማችሁ ያዛችሁብን ብለው የተቀመጡትን በክርናቸው ገፉ። ጃርት ቅጠሏን ተሸክማ ወደ ቦይዋ ወረደችና ቅመሱልኝ እያለች ለመነች። የሁሉም አፍ ምራቅ ሞላ፤ እጅ ግን አልተዘረጋም።

«በሞቴ ነብር ይቅደም» አለ ጎሽ፤ «እኔ ማን ነኝና።»

«ኧረ ግራዝማች፣ እኔማ ከእርስዎም በታች ነኝ» አለ ነብር።

ጎሽ ተቆጣ። «ከእኔ በታች ልትሆን? አባትህስ ከአባቴ በታች ሆኖ ያውቃል?»

ከዚህ የተነሣ የማን ቤት በዝቅተኝነት እንደሚቀድም የዘር ቆጠራ ተጀመረ። ጎሽ ሰባት ትውልድ ቆጠረ፤ ነብር ዘጠኝ። አለቃ ጉሬዛም ከዛፉ ላይ ሆኖ፣ የማን ነገር ይበልጥ ትሑት እንደሆነ በጥሞና ይመዝን ነበር። ጥላው ረዘመ። ማሩ በሥራሥሩ ላይ ደረቀ።

ጃርት ፀሐይዋን አየች፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቷታል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትታ ወደ ግልገሉ እናት ወደ ሚዳቋ ተጠጋች፤ ድምጿንም ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ሚዳቋ፣ አንቺ አንዲት ሾላ ብትቀምሺልኝ ይበቃኛል» አለቻት።

«ልቤስ ከታረቀሽ ሰንብቷል» አለች ሚዳቋ በሹክሹክታ። «ልጁም ያኔውኑ ድኖ ይዘላል። አንጀቴ ሲጮህ ይኸው ትሰሚዋለሽ። ግን አሁን እጄን ብሰድ፣ የልጇን ደም በሾላ ሸጠች አይሉኝም?»

«ወንዙን ስሻገርስ ምን ይሉሻል?»

«ያን ጊዜማ ሁላችንም እናለቅስልሻለን፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ ቀድሜ።»

ጃርት ቅጠሏን በሣሩ ላይ አስቀመጠችና ከአጠገቡ ቁጭ አለች። ከጉድጓዷ ምን ይዛ እንደምትወጣ አሰበች፤ የሚያዝ ነገር ግን አልነበራትም፤ ጉድጓድ በጀርባ አይታዘልም።

በዚህ መካከል ከረግረጉ በኩል ከርከሮ መጣ። ጠባይ የለውም ተብሎ ሳይጠራ የቀረ እርሱ ብቻ ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀለትም፤ ጅራቱን ሽቅብ ቀጥ አድርጎ በቦይዋ ውስጥ የታጨቁትን መኳንንት እያየ አለፈና ከጃርት ፊት ቆመ።

«ይህ ሁሉ ምግብ ለማን ነው?»

«ለበላ» አለች ጃርት።

«ታዲያ እነዚህ ምን ይጠብቃሉ?»

«ቀድሞ የበላ ትዕቢተኛ ይባላል ብለው ፈርተው ነው።»

«እኔንማ ከዚህ የባሰ ብለውኛል» አለና የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበረከከ። ከርከሮ ሁሉ ሲበላ ይንበረከካል፤ አንገቱ ስለሚያጥር ነው እንጂ ስግደት ስለሚያውቅ አይደለም። ሾላውን በላ፤ ዶቅማውን በላ፤ ሥራሥሩን እያንኮሻኮሸ ከቅጠል ወደ ቅጠል በጉልበቱ እየዳኸ አለፈ። ጃርት ፀሐይዋን ዞራ አየች፤ ገና አንድ ክንድ ነበራት።

ቦይዋ ታወከች። ነብር ያልተጠራ እንግዳ መብላቱ እንደማይቆጠር ጮኾ ተከራከረ። ጎሽ ሕጉን መልሶ ቢያስነብብ ግን «ከደኑ አራዊት አንድ» ይላል እንጂ «ከተጠሩት አንድ» አይልም። ጃርትም ታርቃለች ተባለ። እንግዲያውስ ይህ ባለጌ ስለ ድፍረቱ ይቀጣ ብለው ወደ አለቃ ጉሬዛ ጮኹ። ጉሬዛ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ ብዙ አሰበና እንዲህ ሲል ፈረደ፦

«መብላቱ ነውር ነው። መንበርከኩ ግን በዐይናችን ያየነው ነው። ከእናንተ መካከል እስካሁን የተንበረከከ አለ?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁሉም ዝቅ ብሎ ነበር፤ የተንበረከከ ግን አልነበረም። ስለዚህ የአደዩ አክሊል ለከርከሮ ተደፋለት። እርሱም ከራሱ ላይ አራግፎ ጣለው፤ አሸተተውና በላው።

ተንበርክኮ መብላት እንደሚያስከብር ያን ጊዜ ለሁሉም ተገለጠላቸው። ቦይዋን ለቀው እየተጋፉ ወጡ። ነብር ተንበረከከ፤ ዔሊ ጉልበቷ የት እንደሆነ ፈለገች፤ ጎሽም ጉልበቱ እየተንቋቋ ወደቀ። ጉሬዛ ማየት አለማየቱን በጎን እያጮለቁ ወደ ቅጠሎቹ ዳኹ። ሚዳቋም ከመካከላቸው ነበረች። ሲደርሱ ግን የተላሰ የኮባ ቅጠል ብቻ ጠበቃቸው። ከርከሮ አፉን በሣር ጠርጎ ወደ ረግረጉ ሄዷል።

ማጉረምረም ጀመሩ። ግራዝማች ጎሽ እንደ ተንበረከከ፣ ድግስ ከተደገሰ ለእንግዳ የሚበቃ ይደገሳል እንጂ ይህ ምን ዓይነት ንፉግነት ነው ሲል ወይዘሮ ጃርትን ወቀሳት።

ጃርት ባዶ ቅጠሎቿን አንድ በአንድ አነሣች። ወደ ጉድጓዷም መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ፣ «ጎረቤቶቼ፣ እኔን አትውቀሱኝ» አለች። «እናንተ ትሕትናችሁን ጠግባችሁ መጣችሁ፤ ያ ባለጌ ግን ርቦት መጣ።»