ሺህ ዓይን ያየው በሬ

በደሴ መንገድ የተጓዘ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ እንበል። የሁለቱም ሽሮ ከአንድ ወፍጮ የወጣ ነው፤ የሁለቱም ሥጋ ከአንድ ቄራ የመጣ ነው፤ ሙቀቱም ለሁለቱ እኩል ነው። በአንደኛው ደጃፍ ግን ሦስት አውቶቡስ ቆሞ አስተናጋጆቹ ሲራወጡ፣ የሁለተኛው ባለቤት በሩ ላይ ተቀምጦ ዝንብ ያባርራል። ከአውቶቡስ የወረደውን መንገደኛ «ለምን እዚያኛው ገባህ?» ብትሉት «ሰው አለበት» ይላችኋል። እነዚያስ ሰዎች ለምን ገቡ? ሰው ስላለበት። እኔ በዚያች ከተማ አምስት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር የደረስኩበት ሳይንስ ይኸው ነው። መንገደኛ ምግብ አይበላም፤ የሚበላው ሰውን ነው።

ይህን የማነሣው በኢንተርኔት የሚነግዱ ሰዎች አዲስ ነገር ያገኙ ይመስል ስለሚያወሩ ነው። ስም ካወጣህና ዓይን ከሰበሰብክ ዕቃው ራሱን ይሸጣል ይላሉ። ልክ ናቸው። ችግሩ የዚያው አካባቢ፣ የይፋት ሰው፣ ስለ ዓይን ያለው አስተያየት ነው። በዚያ ቆላ ደህና ነገር ያለው ሰው ይሸፍነዋል። ወተቱ ይከደናል፣ ሕፃኑ ይከናነባል፣ የሚደልብ በሬ ደግሞ ጓዳ ይገባል። ጎረቤት ሳያውቅ ደልቦ፣ ጎረቤት ሳያውቅ ገበያ ወጥቶ፣ ተሸጦ ካበቃ በኋላ ነው «ለካ በሬ ነበራቸው» የሚባለው። ዓይን ይበላል ብለው ያምናሉ። እኔ አላምንም። ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ዓይን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ምንም እንደማይልክ ያውቃል። ይህን አቋሜን እስከ ዛሬ አልለወጥኩም፤ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ጋሼ እንድሪስ ከከተማው ወጣ ብሎ በቀወት የሚያርሱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ወተት ይሸጡልኝ ስለነበር ቤታቸው እመላለስ ነበር። አንድ ክረምት ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱ ታሞ ሞተባቸው። የቀረው አንድ፣ ያውም ዕድሜው የገፋ ሆነ። አንድ በሬ ደግሞ አያርስም። ስለዚህ ጋሼ እንድሪስ የቀረውን አደልበው ለገና ገበያ ሊሸጡትና በዋጋው ሁለት ወይፈን ሊገዙ ቆረጡ። ካልሆነ መሬታቸውን ምርቱን ሊካፈሉ ለጎረቤት በእኩል ይሰጣሉ፤ በራሳቸው ማሳ ዳር ቆመው ሌላ ሰው ሲያርሰው ያያሉ። ረሃብም ድርቅም ያዩ ሰው ናቸው፤ በስድሳ ዓመታቸው የፈሩት ግን ይህን ነበር።

በሬው ዳልቻ ነው፤ ሲያርስም «ዳልቻ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ጓዳ ካስገቡት ወዲህ ግን ስሙን አያነሡም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ከቀንበር ሲወርድ ስሙም ወረደ፤ የሚታረድ ስም የለውም» አሉኝ። ለእኔ ያሳዩኝም «አንተ ከሩቅ የመጣህ ነህ፣ ዓይንህ አገሩን አልለመደም» ብለው ነው። የማሾ ገለባ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየበላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቆዳው ዘይት የተቀባ መሰለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሲሳይ ነገርኩት።

ሲሳይ በአንድ ግቢ አብረን የምንከራይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። ለሥልጠና አዳማ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ «ብራንድ»ና «ትራፊክ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ውጭ ወሬ አልነበረውም። ብራንድ ሰው የማይረሳው ስም ነው፣ ትራፊክ ደግሞ የሚያይህ ሰው ብዛት ነው፤ ሁለቱ ካሉ ድንጋይም ይሸጣል ይላል። የይፋትን ከብት ለአዲስ አበባ ሰው የሚሸጥ ገጽ በማኅበራዊ ሚዲያ ከፍቶ ነበር። የሚያየው ግን እኔና እህቱ ብቻ ነበርን፤ እህቱም ተለምና ነው። ስለ በሬው ስነግረው የምሳውን ግማሽ ትቶ ተነሣ።

ጋሼ እንድሪስ መጀመሪያ በጄ አላሉም።

«ደላላ ሳይገባበት ለአዲስ አበባ ሰው በቀጥታ እሸጥልዎታለሁ» አለ ሲሳይ።

«እንዴት አድርገህ?»

«ፎቶውን ሰው ያየዋል።»

«ስንት ሰው?»

«እግዜር ካለ ሺህ፣ ሁለት ሺህ።»

እትዬ ዘሀራ ከጓዳው በር ላይ «ሱብሃነላህ፣ አንድ ጎረቤት እንዳያየው ስንደብቅ የከረምነውን» አሉ።

«እትዬ፣ እነሱ እኮ አዲስ አበባ ናቸው። ዓይናቸው በምን ይደርሳል?»

«ገንዘባቸው የሚደርስ ከሆነ ዓይናቸው ለምን ይቀራል?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ማንም ሲመልሰው አልሰማሁም። ጋሼ እንድሪስ ግን ገበያ ሳይደርሱ ዋጋቸውን የሚቆርጡላቸው ደላሎች አንገፍግፈዋቸው ነበርና በአንድ ውል ፈቀዱ። «ያየው ሁሉ ማሻ አላህ ይበል። የማይል አይይ።» ሲሳይ ይላሉ አለ። ስም እናውጣለት ሲል ግን እሺ አላሉትም። ስሙን እሱ ራሱ ውጭ ወጥቶ፣ ለእኔም ሳይነግር አወጣለት። ከፎቶው ሥር የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ተራራው፣ ከይፋት። አይቶ ማሻ አላህ ሳይል የሚያልፍ እንዳይኖር።»

ከዚያ የሆነውን ሲሳይም አልጠበቀውም። የአገራችን ሰው በሬው ያምራል ብሎ አይጽፍም፤ በእኔ ዓይን አንድ ነገር ቢሆንስ ብሎ ግን ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹ ማሻ አላህ አሉ። ክርስቲያኑም ለጥንቃቄ ማሻ አላህ አለ፤ ያልደፈረው «እግዚአብሔር ይጠብቀው» ብሎ በሁለተኛው በር ገባ። የጻፈው በበዛ ቁጥር ገጹ ለሌላው ይታያል፤ የታየውም ይጽፋል። ሰው ስላለበት ሰው ገባ። በሳምንቱ ከጂዳና ከቤይሩት ሳይቀር የሚጽፉ መጡ። የጋሼ እንድሪስ ፍርሃት ማንም የሥልጠና ምሩቅ ያልደረሰበት ማስታወቂያ ሆነ።

በሬው መብላት የቀነሰው በዚያው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ፉርሽካውን ተወ። ቀጥሎ ፋጉሎውን አሸተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ ሙቀቱን ለካ፣ ምላሱን አየ፣ የትል መድኃኒት ሰጠና «ምንም የለውም» ብሎ ሄደ። ምንም የሌለው በሬ ጎድኑ መቆጠር ጀመረ። እትዬ ዘሀራ ወተቱን እየቀዱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንም ሳይገባ፣ ሰው እንደገባበት ቀና ይላል» አሉኝ።

«ዝንብ ይሆናል» አልኩ።

«ዝንብማ ቀኑን ሙሉ አለ» አሉ።

የተማረ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያደርገው ሙከራ ነው። ከሲሳይ ጋር ሰዓታችንን አስተካከልን። አንድ ቅዳሜ፣ ልክ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እሱ ከተማ ሆኖ ፎቶውን እንደገና ይለጥፋል፤ እኔ ጓዳው ውስጥ ተቀምጬ በሬውን አያለሁ። ለባለቤቶቹ «ልጎበኘው» ብቻ ነው ያልኳቸው። ጓዳው ይሞቃል። በበሩ መጋረጃ ጠርዝ አንድ ክር ብርሃን ይገባል። በሬው ተኝቶ ያመሰኳል። ስምንት ተኩል ላይ ያመሰኳል። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ያመሰኳል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መንጋጋው ቆመ። ተነሣ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጆሮውን ቀሰረ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ከዚያ ቆዳው መርገፍገፍ ጀመረ። ዝንብ ያረፈበት በሬ ቆዳውን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ታውቃላችሁ፤ ያረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ይኼኛው ከትከሻው እስከ ታፋው፣ ሁሉም ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ነበር። አንድም ዝንብ አልነበረበትም።

ለሲሳይ ስነግረው «አጋጣሚ ነው» አለ። እኔም «አጋጣሚ ነው» አልኩ። ሙከራውን እንድገመው ያለ ግን የለም።

ሌላም ነገር ነበር። ፎቶው ያው አንድ ፎቶ ነው። ከሥሩ የሚጽፉት ሰዎች ግን «ተራራው ጨምሯል»፣ «ከባለፈው ሳምንት ሰፍቷል» ማለት ያዙ። ሲሳይ ፎቶውን እንዳልነካካው በእናቱ ማለ። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ያኔ ሲያነሣው፣ በሆዱ በኩል የመጨረሻው ጎድን ስስ ጥላ እንደነበረው በደንብ አስታውሳለሁ። ፈለግኩት። የለም። የጓዳው በሬ ሲከሳ የስልኩ በሬ እየደለበ ነበር። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ይኼኛው በሬ ምንም አላየም። የታየው እሱ ነው።

ጋሼ እንድሪስ በእግራቸው ከተማ ድረስ መጥተው ግቢያችን ገቡ። ይቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም።

«ለገና ስምንት ሳምንት ቀርቶታል» አሉት ሲሳይን። «ይህ በሬ ከሞተ መሬቴ በሰው እጅ ነው። አውርድልኝ።»

«የእኔን አወርዳለሁ ጋሼ። ሌሎቹ የወሰዱትን ግን አልችልም፤ ከእጄ ወጥቷል።»

«ስንት ሰው ወሰደው?»

ሲሳይ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ስትዘራው እጅህ ላይ ነበር» አሉ ጋሼ እንድሪስ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እንግዲህ ልቀም።»

ሲሳይ ያንኑ ቀን አወረደው። የባሰው ይህ ነው። የጠፋ ነገር ከተገኘ ነገር ይልቅ ይፈለጋልና፣ «ተራራው የት ገባ?» እያሉ ሌሎች በየራሳቸው ገጽ ለጠፉት። በሬው ያን ሰሞን ውኃም እየለመኑት ነበር የሚጠጣው።

ከዚያ መንግሥት ዳታ ዘጋ።

ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ምክንያቱን ለሚያውቁት ልተወው። አንድ ጠዋት የአገሩ ስልክ ሁሉ ከመደወል በቀር ሥራ አልነበረውም። ከተማው አጉረመረመ፤ ሲሳይ ሐዘን የተቀመጠ ሰው መሰለ። በሦስተኛው ቀን ወተት ልወስድ ስሄድ እትዬ ዘሀራ «በላ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሳምንቱ ፋጉሎውን ጨረሰ። በወሩ ጎድኑ ተሸፈነ። መንግሥትን በበጎ ሲያነሡ ሰምቻቸው የማላውቃቸው ጋሼ እንድሪስ «አላህ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ትንሽ ያቆዩልን» ሲሉ ሰማኋቸው። ዳታ ስለተዘጋ ከልቡ ያመሰገነ ሌላ ዜጋ አላጋጠመኝም።

ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀር ዳታው ተለቀቀ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ነጋዴዎች ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና ይዘው መጡ፤ የሲሳይን ቁጥር ከገጹ ላይ አግኝተው ኖሯል። እየመራ አመጣቸው፤ እኔም ተከተልኩ። ጋሼ እንድሪስ በሬውን ከጓዳ አወጡት። ደልቧል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ያበራል። አንደኛው ነጋዴ ስልኩን አየ፣ በሬውን አየ፣ ተመልሶ ስልኩን አየ።

«ይሄ አይደለም» አለ።

«እሱ ነው፣ በገዛ እጄ ያነሣሁት» አለ ሲሳይ።

«ወንድሜ፣ እኛ የመጣነው ተራራውን ልንወስድ ነው። ደንበኛው ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቀው። ይሄ በሬ ነው።»

ሲሳይ የጋሼ እንድሪስን ፊት በልመና አየ። በሬው አንገት ላይ የቀንበር ጠባሳ አለ፤ ፎቶው ላይም ይታያል። ጋሼ እንድሪስ ጣታቸውን ቢቀስሩ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ የተራራው ዋጋም ከሁለት ወይፈን በላይ ነበር። እሳቸው ግን «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ፎቶውን አይተውት አያውቁም ኖሯል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩት። «ማሻ አላህ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ስልኩን መለሱለት።

«ልክ ናችሁ። ያ የእኔ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«እንጃ። ባለቤቱ የሚያበላው ነው።»

ነጋዴዎቹ ወደ ካራቆሬ ተሻገሩ። ከዚያም ወደ ማጀቴ ሄደው ተራራውን በየመንደሩ ሲያጠያይቁ ሰነበቱ አሉ። እዚያ አካባቢ በዓይኔ አይቼዋለሁ የሚል ሰው እንኳ አግኝተዋል። ሲሳይ ለሦስት ቀን ከጋሼ እንድሪስ ቤት በር ላይ አልጠፋም፤ «ምን ነካዎት?» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ምንም እንዳይነካኝ ነው» ይሉታል።

በሬው በሳምንቱ በከተማው ገበያ ተሸጠ። የገዛው ሥጋ ሻጭ ሻኛውን ጨበጠ፣ ታፋውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፤ ዓይኑ ግን አጠገቡ ያለው በሬ ላይ ነበር። ስሙንም አልጠየቀ። በዋጋው ሁለት ወይፈን ተገዛ፤ ትርፍ አልነበረም፣ ጉድለትም አልነበረም። ሲሳይም ቢሆን አልከሰረም። ገጹን ከነተከታዮቹ አዲስ አበባ ላለ የስልክ ዕቃ ነጋዴ ሸጠው። ሰውየው ስሙን ለወጠና የቻርጀርና የስልክ ሽፋን ፎቶ ይለጥፍበት ጀመር። ሕዝቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ከእያንዳንዱ ቻርጀር ሥር ማሻ አላህ እያለ ይጽፋል። ለምን እንደጀመረው የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ነጋዴው ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ አሉ። ሲሳይ ይህን የብራንድ ኃይል ይለዋል። እኔ ስም አላወጣሁለትም።

ሰኔ ላይ ዝውውሬ ደርሶ ከሸዋ ሮቢት ለቀቅኩ። ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ስንወጣ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ጋሼ እንድሪስን በማሳቸው ላይ አየኋቸው። አንድ ቀይና አንድ ነጭ ወይፈን ጠምደዋል። ወይፈኖቹ ቀንበሩን ገና አልለመዱትም፤ ትልሙ ይጣመማል። ድምፃቸው አይሰማኝም፤ አፋቸው ግን ይንቀሳቀሳል፤ ወይፈኖቹን በስማቸው እየጠሯቸው ነው መሰለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው መንገደኛ «እንዴት ያምራል» ብላ ስልኳን በእኔ በኩል ወደ መስኮቱ አነሣች።

መጋረጃውን ሳብኩት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ፀሐዩ በረታብኝ» አልኳት።

ፀሐይዋ በግራ በኩል ነበረች።